አልጌን አሳድጎ ማጨድ፦ ለጨው ውሃ አኳሪየም ጎንደር ላይ የሚሠራ ማጣሪያና መብራቱ

እንደምን አመሻችሁ። ከአዘዞም ከማራኪም በዚህ ብርድ የመጣችሁ አላችሁና በቅድሚያ አመሰግናለሁ። መስታወት የሚቆርጡ፣ ኤሌክትሪክ የሚዘረጉ፣ ባዮሎጂ የሚማሩ፣ ቤታቸው ዓሣ ያላቸው ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ሳይ ደስ ይለኛል፤ የዛሬው ሥራ የሁላችሁንም እጅ ይፈልጋል።

ለዓሣ የምንሰጠው ምግብ መጨረሻው የት ነው? ከዚህ እንነሳ። ከሚበላው የተወሰነው ሥጋ ይሆነዋል፤ አብዛኛው ናይትሮጅን ግን በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ሆኖ ውሃው ውስጥ ይገባል። አሞኒያ መርዝ ነው። ደግነቱ በድንጋዩና በአሸዋው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እዚህ ላይ ሥራው ይቆማል። ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ወደ አየር የሚሸኙት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን የሌለበት ቦታ ይፈልጋሉ፤ በደንብ በሚዘዋወር ውሃ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ ጥቂት ነው። ስለዚህ ናይትሬቱ ቀን በቀን ይከማቻል። ፎስፌቱም እንዲሁ፤ እሱማ ጭራሹን ጋዝ ሆኖ የሚወጣበት መንገድ የለውም። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አኳሪየም ያለው ሁሉ ያውቀዋል፦ መስታወቱ በተጠረገ ማግስት ይደበዝዛል፣ ድንጋዩ ላይ ፀጉር መሳይ አረንጓዴ አልጌ ይበቅላል፣ ኮራሉ ቀለሙን ጥሎ ቡናማ ይሆናል።

የእኛ አገር ሰው ይህን ነገር በትልቁ አይቶታል። እምቦጭ ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከታየ ወዲህ የደምቢያና የጎንደር ዙሪያ ገበሬ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ሲጎትት ኖሯል። ከማሳና ከከተማ ታጥቦ የገባ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ከታች፣ ዓመቱን ሙሉ የማይጠፋ ፀሐይ ከላይ፤ ተክሉ የሚፈልገው ይኸው ነው። ገበሬው አንድ ነገር በሚገባ ያውቃል፦ የተጎተተው እምቦጭ ዳር ላይ ተከምሮ ከቀረ ይበሰብስና ክረምት ሲገባ ጎርፉ መልሶ ሐይቁ ውስጥ ይከተዋል። ውሃው የሚቀለው አረሙ ከውሃውም ከዳርቻውም ርቆ ሲሄድ ብቻ ነው።

ዛሬ የማሳያችሁ የመስታወት ሣጥን የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ጣና ላይ ጠላት የሆነብንን እድገት እዚህ ሠራተኛ እናደርገዋለን፤ አልጌውን እኛ ባልነው ቦታ፣ እኛ ባልነው ሰዓት፣ እኛ በምንሰጠው መብራት እናሳድግና እያጨድን እናወጣዋለን። አደራ የምለው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ አልጌ ውሃን የሚያጠራው ታጭዶ ሲወጣ ነው። አድጎ እዚያው ከቀረ የበላውን መልሶ ይሰጣል።

ሐሳቡ ዕድሜ አለው። ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን ተቋም ይሠራ የነበረው ዋልተር አዴይ በኮራል ገንዳዎች ላይ ሲመራመር፣ በመብራት ሥር ስስ የአልጌ ምንጣፍ እያበቀለና እየፋቀ ውሃ የሚያጠራበትን ዘዴ አዳብሮ እ.ኤ.አ. በ1982 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። የእኛው ሣጥን የዚያ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ በተፋቂ ምንጣፍ ፋንታ ኬቶሞርፋ የሚባለውን ክር መሳይ አልጌ መያዙ ነው።

አሁን ስለ ጎንደር ላውራ፤ በሌላ አገር ሰው የተጻፈ መመሪያ የማይነግራችሁ ነገር እዚህ አለና።

ከተማችን ከባሕር ወለል 2,133 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ምጽዋ ወደብ ላይ ካለው 78 በመቶ ያህሉ ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው የኦክስጅን መጠን በግፊቱ ልክ ስለሚወርድ፣ 26 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ በባሕር ወለል ላይ በሊትር 6.6 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ ጎንደር ላይ የሚይዘው 5.1 ገደማ ነው። አረፋ የሚያወጣ የአየር ድንጋይ ብትጨምሩ፣ ፓምፑን እጥፍ ብታደርጉ፣ ከአየር የሚገኘው ከዚያ አያልፍም። ብርቱ ፓምፕ ውሃውን ከአየሩ ጋር ያመጣጥነዋል እንጂ አየሩን አያወፍረውም። አልጌ ግን ከአየር አይበደርም። ብርሃን ሲያገኝ ውሃውን ሰንጥቆ ኦክስጅን ራሱ ያወጣል፤ ውሃው ከአየሩ ጋር ተመጣጥኖ ከሚይዘው በላይ እንኳ ሊሞላው ይችላል።

አደገኛው ሰዓት ሌሊት ነው። የዋናው ገንዳ መብራት ሲጠፋ ዓሣውም፣ ኮራሉም፣ ባክቴሪያውም መተንፈሱን አያቆምም፤ ኦክስጅን የሚሠራ ግን የለም። ያኔ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨምራል፣ ፒኤች የሚባለው የውሃው አሲድነት ልኬት ይወርዳል (ሲወርድ አሲዱ በረታ ማለት ነው)። ቀን 8.3 የነበረ ገንዳ ሊነጋጋ ሲል 7.9 ወይም 8.0 ላይ መገኘቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ የአልጌውን መብራት ሌሊት አብሩት። ዋናው ገንዳ ሲተኛ ሣጥኑ ይነቃል፤ ሣጥኑ ሲያርፍ ዋናው ገንዳ ይነቃል። ይህ በሌላ ቦታ ጥሩ ልማድ ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ ግን ለዓሣው ትንፋሽ ነው።

ፒኤችን ካነሳን፦ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ተያይዞ ቡና ሲፈላ የክፍሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፍ ይላል፤ ገንዳውም ከክፍሉ አየር ጋር ስለሚመጣጠን ፒኤቹ ዝቅ ይላል። ቡናውን ተዉ አልልም። መስኮቷን ገርበብ አድርጉ፤ ለሰዉም ይበጃል።

ስለ ጨው በአጭሩ። ጎንደር የአሞሌ ጨው በግመልና በበቅሎ ተጭኖ የሚገባባት ከተማ ነበረች፤ ዛሬም የአፍዴራ ጨው በየሱቁ ሞልቷል። ለወጥ ግሩም ነው፤ ለገንዳ ግን አይሆንም። የባሕር ውሃ የገበታ ጨው ብቻ አይደለም፤ በሊትር 410 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም፣ ወደ 1,290 የሚጠጋ ማግኒዚየም፣ 400 የሚጠጋ ፖታሲየም አለበት፤ ኮራልም አልጌም ያለነዚህ አያድጉም። ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀውን የባሕር ጨው በተጣራ ውሃ በጥብጡ፤ ጨዋማነቱ ከሺህ 35፣ አንጻራዊ ክብደቱ በ25 ዲግሪ 1.026 ይሁን። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ ፎስፌትም ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ከገንዳው በአልጌ እያወጣን በባልዲ መልሰን መጨመር የለብንም።

ወደ ሣጥኑ እንምጣ። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ክብ የአክሪሊክ ቱቦ ይጠቀማሉ። እኛ ጋ ክብ አክሪሊክ ማግኘት ከባድ ነው፤ መስታወት ቆራጭ ግን በየሰፈሩ አለ። እኔ ደግሞ ጠፍጣፋው የመስታወት ሣጥን ከክቡ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱን መብራቱ ላይ ስንደርስ ታዩታላችሁ። 5 ሚሊ ውፍረት ያለው መስታወት ይበቃል። 20 በ40 ሳንቲሜትር የሆኑ ሁለት ሰፋፊ ገጾች፣ 7 በ40 የሆኑ ሁለት ጎኖች፣ 7 በ19 የሆነ አንድ ወለል አስቆርጡ። ጎኖቹ በሁለቱ ገጾች መካከል ይገባሉ፤ ወለሉ በአራቱም መካከል ይቀመጣል። ሲገጣጠም 40 ሳንቲሜትር የሚቆም፣ ውስጡ 7 ሳንቲሜትር ብቻ የሚጠብ፣ 5 ሊትር ያህል ውሃ የሚይዝ ሣጥን ይሆናል። ጠርዙን አስሞርዱ። አልጌውን ለማውጣት እጃችሁ በየጊዜው ይገባበታል፤ ያልተሞረደ መስታወት በጨው የራሰ ጣት ላይ የሚያደርገውን ነገር አልመኝላችሁም።

ከጎኖቹ በአንዱ ላይ፣ ከአፉ 4 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ፣ ባለ 3/4 ኢንች የታንከር ማገናኛ የሚገባበት ቀዳዳ ይበሳ። መስታወት መብሳት የሚችል ባለሙያ ዘንድ ከመገጣጠሙ በፊት ይሁን፤ ከተጣበቀ በኋላ የሚበሳ መስታወት ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል። ይህ ቀዳዳ የውሃው መውጫ ነው። መውጫው ላይ የፕላስቲክ ወንፊት ካላደረጋችሁ የአልጌው ክሮች ሄደው ይወተፉበታል፤ ሣጥኑም ሞልቶ ወለላችሁ ላይ ይፈሳል።

ሲልከን ሲመረጥ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ፀረ-ሻጋታ ያለበት ሲልከን ለባሕር ፍጥረት መርዝ ነው፤ ቱቦው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ አትግዙ። ለመስታወት የሚሆነው ሲደርቅ የኮምጣጤ ሽታ የሚሸተው ነው። ይኸው የኮምጣጤ ሽታ ያለው ግን የመዳብ ሽቦ ላይ ከተቀባ መዳቡን ይበላዋል። የመብራቱን ብየዳ ለመሸፈን ሽታ የሌለውን ገለልተኛውን ሲልከን ተጠቀሙ። ኤሌክትሪክ የምትዘረጉ ልጆች፣ ይህቺን ያዙልኝ። ብዙ ሰው ሁለቱንም በአንድ ቱቦ ይሠራና ከወራት በኋላ አረንጓዴ የዛገ ሽቦ ይዞ ግራ ይጋባል። መስታወቱ ከተጣበቀ በኋላ ደግሞ ሳምንት ያህል ይድረቅ፤ በቧንቧ ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩትና የሚያለቅስ ቦታ እንዳለ ፈትሹ።

የውሃው መግቢያ ከላይ ገብቶ እስከ ወለሉ የሚወርድ የግማሽ ኢንች የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ታችኛው ጫፉ ተደፍኖ ጎን ለጎን ቀዳዳዎች ይበሱለት፤ ውሃው ከታች ተነስቶ በአልጌው መካከል እያለፈ ወደ ላይ ይውጣ። ከዋናው ገንዳ ሥር ካለው የማጣሪያ ገንዳ ትንሽ ፓምፕ በሰዓት 300 ሊትር ያህል ቢልክለት በየደቂቃው የሣጥኑ ውሃ አንድ ጊዜ ይለወጣል። ውሃው በረታ ሲል በእያንዳንዱ ክር ዙሪያ የሚጣበቀውን የቆመ ውሃ ሽፋን ያሳሳዋል፤ ያኔ ምግቡ ለአልጌው በቶሎ ይደርሰዋል። ውሃው ከደከመ ደለል ክሮቹ ላይ ይቀመጥና ብርሃኑን ይከለክላል።

አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ እንዳትረሱብኝ። መግቢያው ቱቦ ላይ፣ ከውሃው ወለል ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ 4 ሚሊ የምታህል ቀዳዳ ብሱ። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ኋላ መሳብ ይጀምራል፤ ቀዳዳዋ ከሌለች ሣጥኑን እስከ ወለሉ ይመጠዋል። ቀዳዳዋ ካለች የውሃው ወለል እዚያ ሲደርስ አየር ይገባና ስበቱ ይቋረጣል። አልጌው በውሃው ውስጥ እንዳለ ይቆያል።

መብራቱ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

ይህን ጠረጴዛው ላይ ያለውን የኬቶሞርፋ ጉንጉን ቀረብ ብላችሁ እዩት። በእጄ ለሁለት ልክፈለው። ውጩ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ክሩ ጠንካራ፣ በጣት ስትጫኑት እንደ ሽቦ የሚመልስ ነው። መካከሉን ግን እዩ፦ ገርጥቷል፣ ለስልሷል፣ ጥቂቱ ነጭ ሆኗል። የሁለቱ ልዩነት ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ነው። የውጩ ክር ብርሃኑን ጠጥቶ ለውስጡ ጨለማ አስቀረለት። ክብ ሰፊ ዕቃ ውስጥ መካከሉ ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል። 7 ሳንቲሜትር ብቻ በሚጠብ ሣጥን ውስጥ ግን ከሁለቱም ገጽ መብራት ከበራ፣ ብርሃን መሄድ ያለበት ሩቁ መንገድ ሦስት ሳንቲሜትር ተኩል ነው። ጠፍጣፋውን የመረጥኩት ለዚህ ነው።

ቀለሙስ? ክሎሮፊል ብርሃንን አጥብቆ የሚወስደው በሁለት ቦታ ነው፦ በሰማያዊው 430 እና 450 ናኖሜትር አካባቢ፣ በቀዩ ደግሞ ከ640 እስከ 660 ናኖሜትር አካባቢ። አረንጓዴውን ብዙውን ይመልሰዋል፤ አልጌው አረንጓዴ ሆኖ የሚታየንም ስለዚህ ነው። ለተክል ማሳደጊያ ተብሎ ቀይና ሰማያዊ ተቀላቅሎ የሚሸጠው የኤልኢዲ ስትሪፕ (እንደ ጥብጣብ የሚለጠፍ መብራት) ጥሩ ነው፤ ቀዩ ቢበዛ ይመረጣል። እሱ ካልተገኘ ወርም ዋይት የሚባለው ቢጫ ያዘለ ነጭ መብራት በቀይ የበለጸገ ስለሆነ ሥራውን ይሠራል። ለጌጥ የሚሸጠው ቀይ ስትሪፕ ብዙውን ጊዜ 620 ወይም 630 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ አይጠቅምም አልልም፣ ግን ለብቻው ተስፋ አትጣሉበት። የእኔ ምርጫ የተክል ስትሪፑንና ወርም ዋይቱን ተራ በተራ ጎን ለጎን መለጠፍ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፦ በቀይና ሰማያዊ ብቻ ሥር አልጌው ጥቁር መስሎ ስለሚታይ መገርጣቱን አታዩም፤ ነጩ ሲኖር ጤናው በዓይን ይታወቃል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 5050 የሚባለው፣ በሜትር 60 መብራት ያለው ባለ 12 ቮልት ስትሪፕ በሜትር 14.4 ዋት ይወስዳል። በእያንዳንዱ ገጽ 30 ሳንቲሜትር የሚረዝሙ አምስት መስመሮች ቢለጠፉ በአንድ ገጽ ሜትር ተኩል፣ በሁለቱ 3 ሜትር ይሆናል፤ 43 ዋት ማለት ነው። በ12 ቮልት ይህ 3.6 አምፔር ስለሆነ 5 አምፔር የሚሰጥ አዳፕተር ይያዝ። መስመሮቹን አንዱን ከአንዱ ጫፍ አስከትላችሁ አትቀጥሉ፤ ቮልቴጁ እየወረደ የመጨረሻው ይደበዝዛል። ሁሉንም ከአንድ ዋና ሽቦ ጎን ለጎን መግቧቸው።

ስትሪፑ መስታወቱ ላይ ሳይሆን 20 በ40 በሆነ የአሉሚኒየም ሉህ ላይ ይለጠፍ፤ ሉሁ ፊቱን ወደ መስታወቱ አዙሮ ጥቂት ሚሊሜትር ርቆ ይቁም። ኤልኢዲ ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ሙቀት ያደርገዋል፤ ሙቀቱን የሚወስድለት ብረት ካላገኘ ዕድሜው ያጥራል። ሙቅ አገር ያሉ ሰዎች ይህን ሙቀት ለማስወገድ ማቀዝቀዣ ይገዛሉ። የጎንደር ሌሊት ግን ብርድ ነው፤ ገንዳውን 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ ለማቆየት ማሞቂያው ሲለፋ ያድራል፤ ከመብራቱ ወደ ውሃው የምታልፈው ሙቀት ለእኛ ትርፍ ናት። ሁለቱ ሉሆች ዙሪያውን ከተሸፈኑ ብርሃን አያፈሱም፤ ወደ ማጣሪያው ገንዳና ወደ ቱቦዎቹ የሚያመልጥ ብርሃን እዚያም አልጌ ያበቅልና ፓምፑን ያንቃል።

ስለ ደኅንነት ሳልናገር አልቀጥልም። ስትሪፑ 12 ቮልት ነው፣ አይገድልም፤ አዳፕተሩ የተሰካበት ግን 220 ነው፣ ጨው ውሃም ከተራ ውሃ እጅግ ይልቅ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። አዳፕተሩ ከገንዳው በላይና በጎን፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ሥሩ አይቀመጥ። ገመዱ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ ይውረድና ይመለስ፤ በገመዱ ላይ የሚንሸራተት ጠብታ መታጠፊያው ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። በመስመሩ ላይ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጠውን ብሬከር አስገጥሙ። ልጆች ያሉበት ቤት ያለ እሱ ገንዳ አይሞላ።

ሰዓቱን በታይመር አስይዙት። ለምሳሌ የዋናው ገንዳ መብራት ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ከሆነ፣ የሣጥኑ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ማለትም 14 ሰዓት ይብራ። አልጌውም ጨለማ ይፈልጋልና 24 ሰዓት አታብሩበት። ታይመር ስትገዙ ደግሞ የሚሽከረከረውን ሜካኒካል አትግዙ። መብራት በጠፋ ቁጥር እሱም ይቆማል፤ ሁለት ሰዓት ጠፍቶ ሲመጣ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይቀጥላል፤ በሳምንት ውስጥ ሌሊቱን ቀን ያደርግባችኋል። ውስጡ ባትሪ ያለው ዲጂታሉ መብራት ቢጠፋም ሰዓቱን ይቆጥራል።

መብራት ሌሊት ሲጠፋ አልጌውም ኦክስጅን ወደ መተንፈስ ይዞራል። ያኔ ያላችሁን የባትሪ ኃይል ለሣጥኑ መብራት አትስጡ፤ ለውሃው እንቅስቃሴ ስጡ። 7 ዋት የሚወስድ ባለ 12 ቮልት ፓምፕ 7 አምፔር-ሰዓት ካለው ትንሽ የሊድ ባትሪ ግማሹን ብቻ እየተጠቀመ 6 ሰዓት ያህል ይሠራል። የዋናውን ገንዳ የውሃ ገጽ እያናወጠ ቢያድር ዓሣዎቹ ይነጋላቸዋል። ሣጥኑ ደግሞ አፉ ክፍት መሆኑ እዚህ ይጠቅማል፤ ታሽጎ የተዘጋ ዕቃ ውስጥ የቆመ ውሃ ኦክስጅኑ አልቆ ይሸትና ፓምፑ ሲነሳ ያንን ወደ ገንዳው ይገፋዋል።

ሁሉም ደህና ከሄደ፣ ከበራ ሰዓት ያህል ሲሞላው በክሮቹ መካከል የመርፌ ጫፍ የምታህል አረፋ ስትሠራ፣ ስታድግ፣ ተላቅቃ ሽቅብ ስትወጣ ታያላችሁ። እሷ ኦክስጅን ናት። እኔ ገንዳው ደህና አደረ ወይ ለማለት ጠዋት መጀመሪያ የማየው እሷን ነው።

ስለ ማጨድ ጥቂት ቁጥር ልስጣችሁ፤ ነገሩ ምን ያህል እንደሚያወጣ እንድታምኑ። 100 ግራም ውሃው የተንጠፈጠፈ ኬቶሞርፋ አጨዳችሁ እንበል። ሲደርቅ 10 ግራም ያህል ይቀራል። ከደረቁ 3 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ቢሆን 0.3 ግራም ነው፤ ይህ በናይትሬት ሲታሰብ 1.3 ግራም ይሆናል። ገንዳችሁ 200 ሊትር ከሆነ በሊትር ከ6 ሚሊግራም በላይ ናይትሬት በአንድ እፍኝ ወጣ ማለት ነው። ይህንኑ ውሃ በመቀየር ለማውጣት፣ ናይትሬቱ 25 ላይ ያለ ገንዳ ከሩብ በላይ ውሃውን መለወጥ ነበረበት፤ የባሕር ጨው ዋጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ሲታጨድ ከግማሽ በላይ አትውሰዱ፤ የቀረው ነው የሚያባዛው። የገረጣውን መካከል አስወግዱ፣ ጠንካራውን አስቀሩ። ሣጥኑ ሲሞላ ውሃው በአንድ ጥግ ብቻ መንገድ አበጅቶ ማለፍ ይጀምራል፤ ያኔ ማጨጃው ደርሷል። አልጌው መገርጣት ከጀመረና ሣጥኑ ገና ባዶ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ የሚበላው አልቆበታል። አትኪንሰንና ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት ትላልቅ የባሕር አልጌዎች በአማካይ ለ1 የፎስፈረስ አቶም 30 የናይትሮጅን አቶም እንደሚይዙ አሳይተዋል፤ በክብደት ሲሰላ ለ1 ፎስፌት 20 ያህል ናይትሬት ይወስዳሉ ማለት ነው። ስለዚህ ናይትሬቱ ዜሮ ገብቶ ፎስፌቱ ሳይወርድ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ያኔ መብራቱን አትጨምሩ፤ ለዓሣው ምግብ በመጠኑ ጨምሩለት፣ ወይም ሰዓቱን አሳጥሩ። ርቦት የሚሞት አልጌ የያዘውን ሁሉ በአንዴ ይለቀዋል።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ። አዎ አባቴ፣ ይበሉ።

«ልጄ፣ ይህ ሁሉ መብራት ሌሊቱን ሲበራ ቆጣሪውን አያስሮጠውም ወይ?» አሉኝ። ጥሩ ጠየቁ። 43 ዋት በ14 ሰዓት በቀን 0.6 ኪሎዋት-ሰዓት ነው፤ በወር 18 ገደማ። አዳፕተሩና ትንሿ ፓምፕ ጥቂት ይጨምሩበታል። የገንዳው ማሞቂያ ብቻውን ከዚህ በላይ ሊበላ ይችላል፤ ወጪ መቀነስ ከፈለጉ ከመብራቱ በፊት የገንዳውን ጀርባና ጎን በፎም ይሸፍኑ።

እዚያ ኋላ ያለችው እህቴ ከጣና አልጌ አምጥተን ብናበቅልስ ትላለች። አይሆንም እህቴ። የሐይቅ አልጌ በ35 ጨዋማነት ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃው ከሕዋሱ ተመጦ ይወጣና ይሞታል፤ የሞተው ደግሞ ናይትሬት ይሆንብሻል። ከሌሎቹ የባሕር አልጌዎችም ቢሆን ካውለርፓን አልመክርም። ፈጥኖ ያድጋል፣ ነገር ግን ለመራባት ሲነሳ ያለውን ሁሉ ወደ ውሃው ለቆ በአንድ ሌሊት ነጭ ሆኖ ያድራል። ከዚህ ዘር አንዱ፣ ካውለርፓ ታክሲፎሊያ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞናኮ ባለው የውቅያኖስ ሙዚየም ሥር ባሕሩ ውስጥ ከታየ በኋላ በሜዲትራኒያን በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ሸፍኖ ነበር። ኬቶሞርፋ ሥር አይሰድም፣ ድንጋይ ላይ አይጣበቅም፤ በእጅ ይነሳል፣ በእጅ ይወጣል።

የታጨደውስ ምን ይሁን ለሚለው፦ አልጌ የሚበሉ ዓሣዎች ካሏችሁ ጥቂቱን ስጧቸው፤ የበሉት ግን ተመልሶ ውሃው ውስጥ እንደሚገባ አትርሱ። የቀረውን ጨውን በውሃ ደጋግማችሁ አጥባችሁ ከኮምፖስት ጋር ቀላቅሉት። ሳይታጠብ ጓሮ ውስጥ አይደፋ፤ የገንዳውም ውሃ እንዲሁ፤ ጨው የጠጣ አፈር ጎመን አያበቅልም።

ሁለት ጀሪካን ሙሉ ኬቶሞርፋ በሩ አጠገብ አለ። የሚጀምር ሰው አንድ እፍኝ ይውሰድ፤ ለጅማሬ ይበቃል። ከራሱ የጨው ውሃ ጋር በፕላስቲክ ከረጢት አድርጌ እሰጣለሁ። ከረጢቱን ግማሽ ውሃ ግማሽ አየር አድርጋችሁ እሰሩት፣ በዚህ ብርድ በጋቢያችሁ ሥር ያዙት፣ ቤት ስትደርሱ ከረጢቱን ገንዳው ላይ አንሳፍፋችሁ ሙቀቱ እስኪመጣጠን ጠብቁ። ሣጥኑ ገና ያልተሠራላችሁ ደግሞ እስኪያልቅ ድረስ በማጣሪያው ገንዳ ውስጥ በማንኛውም ወርም ዋይት አምፖል ሥር አቆዩት። መስታወት ማስቆረጥ የምትፈልጉ የጻፍኩትን መለኪያ ከጠረጴዛው ላይ ውሰዱ።